የዓደኑ ሙፍቲ ሼህ ጀማሉዲን ዘብሓኒ፥ የቡናም መጠጥ ቀዳሚነት ክርክር

ወንዝ ወርዶ ሜዳውን ሲያጠጣ ሁሉም ያየዋል፤ ምንጩን ግን ሽቅብ ደክሞ የወጣ ብቻ ያገኘዋል። የሰው ልጅ ብልሃትም እንዲሁ ነው። ነገሩ ከተስፋፋና ከተለመደ በኋላ ጥቅሙን የማያውቅ የለም፤ ማን ቀድሞ አሰበው፥ ማንስ ቀድሞ ሠራው ተብሎ ሲጠየቅ ግን ባለመብት ነኝ ባዩ ይበዛል፥ ምስክሩ ያንሳል። በዛሬው ዘመን እንዲህ ያለው ክርክር በመዝገብ ቤትና በፍርድ ቤት ይታያል። በቀድሞው ዘመን ግን ዳኛው የታሪክ ጸሐፊ፥ ማስረጃውም የሽማግሌ ቃል ነበረ።

ከእንዲህ ያሉት ክርክሮች አንዱ የቡና ክርክር ነው። የቡናን ፍሬ አፍልቶ መጠጣትን ማን እንደ ጀመረ ሲጠየቅ ብዙ ስሞች ይነሣሉ። ከእነዚህም መካከል በጥንታውያን ጽሑፎች አብዝቶ የሚወሳው በዓደን ከተማ የነበሩት የእስልምና ሕግ ሊቅ ሼህ ጀማሉዲን ሙሐመድ ኢብን ሰዒድ ዘብሓኒ ናቸው። የእኒህ ሊቅ ታሪክ ለተማሪ ሁለት ነገር ያስተምራል፤ አንደኛው የሰውየውን ኑሮ ነው፤ ሁለተኛውም የቀዳሚነት ምስክርነት እንዴት እንደሚመረመር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ስለ ዓደን ከተማ

ዓደን በየመን ደቡብ ዳርቻ ያለች የባሕር በር ናት። የጥንቷ ከተማ የተሠራችው እሳቱ ከጠፋ ብዙ ዘመን ባለፈው በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ነው፤ ስለዚህም ዙሪያዋን ጥቍር የድንጋይ ተራራ ከቧታል። ወንዝ የላትም፥ ዝናሟም ጥቂት ነው። በተራራው ገደል ላይ ዝናም በዘነበ ጊዜ ውሃውን የሚያጠራቅሙ ታላላቅ ጕድጓዶች ከድንጋይ ተፈልፍለውና በኖራ ተለስነው ተሠርተውላት ነበር፤ እነዚህም እስከ ዛሬ ይታያሉ። በ1330 ዓ.ም. ገደማ በዚያ ያለፈው መንገደኛ ኢብን ባጡታ እህልም፥ ዛፍም፥ የሚፈስ ውሃም የሌላት መሆኗን መዝግቧል።

ምድሯ ምንም ባታበቅልም የዓለም ንብረት በበሯ ያልፍ ነበር። ከህንድ ቅመምና ጨርቅ፥ ከግብፅ ልዩ ልዩ ዕቃ፥ ከማዶም ከዘይላዕና ከበርበራ ወደብ የኢትዮጵያ ምድር ሸቀጥ ይመጣላት ነበረ። ስለዚህ የዓደን ሰው በባሕር ማዶ ያለውን ልማድ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ የባሕረ ሰላጤው ወርድ በመልካም ነፋስ የጥቂት ቀን መንገድ ነበርና።

ዘብሓኒ በኖሩበት በ15ኛው መቶ ዓመት የመንን መጀመሪያ የረሱል ወገን ነገሥታት፥ ከ1454 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የጣሂር ወገን ነገሥታት ገዝተዋታል። በዚያው ዘመን በኢትዮጵያ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከ1434 እስከ 1468 ዓ.ም. ነግሠው ነበር።

ትውልዳቸውና ሹመታቸው

ዘብሓኒ የተባሉት ዘብሓን በምትባል የየመን አገር ስም ነው። የእስልምናን ሕግ ተምረው ከፍ ካለ የሊቅነት ማዕርግ ስለ ደረሱ በዓደን ሙፍቲ ሆኑ። ሙፍቲ ማለት በሃይማኖት ሕግ ለቀረበ ጥያቄ ፈትዋ የሚባለውን የፍርድ ቃል የሚሰጥ ሊቅ ነው።

የእርሳቸው ሥራ ግን ፈትዋ መስጠት ብቻ አልነበረም። ሌሎች ሊቃውንት ጽፈው ያወጡትን ፈትዋ እየተቀበሉ ይመረምሩ ነበር፤ ትክክል ሆኖ ያገኙትንም ከጽሑፉ ግርጌ በገዛ እጃቸው ጽሕፈት ያጸድቁት ነበር። እንግዲህ ተማሪ ይህን ያስተውል። የሌላውን ሰው ቃል እውነት ነው ብለው በፊርማ የሚያጸኑት እኒህ ሊቅ በኋላ ስማቸው በዓለም በተጠራበት ነገር ከእጃቸው የወጣ አንድ መስመር ጽሑፍ አልቀረላቸውም። ስለ ቡና የሚነገረውን ሁሉ የተናገሩላቸው ሌሎች ናቸው።

ወደ ማዶ መሻገራቸው

ታሪካቸውን የጻፉት እንደሚሉት አንድ ጕዳይ አስገድዷቸው ከዓደን ወጥተው አረቦች በረል ዐጀም ወደሚሉት ምድር ተሻገሩ። ይህም የአፍሪካ ዳርቻ፥ የኢትዮጵያም ምድር አፋፍ ነው። በዚያ ጥቂት ጊዜ ሲቀመጡ ሰዎቹ ቡና ሲጠቀሙ አዩ፤ ጠባዩንና ጥቅሙን ግን አላወቁም፥ አልመረመሩምም።

ወደ ዓደን ከተመለሱ በኋላ ታመሙ። በሕመማቸውም ጊዜ በማዶ ያዩትን አስታውሰው ቡና ጠጡ፥ ጠቀማቸውም። ከዚያ በኋላ ጠባዩን መረመሩ፤ ድካምንና እንቅልፍን የሚያርቅ፥ ሰውነትን የሚያነቃና የሚያቀል ሆኖ አገኙት።

የሌሊት ትጋት

ዘብሓኒ በኋለኛው ዘመናቸው የሱፊዎችን መንገድ ያዙ። ሱፊዎች በጾም፥ በጸሎትና ሌሊት በመትጋት ወደ ፈጣሪ ለመቅረብ የሚደክሙ የእስልምና ሰዎች ናቸው። ከእነርሱ ብዙዎቹ ቀን በየሥራቸው ውለው ሌሊት ተሰብስበው የፈጣሪን ስም እየደጋገሙ በመጥራት ያነጋሉ። የዚህ ዓይነት ሰው ታላቅ ጠላቱ እንቅልፍ ነው። ከምሽት ጀምሮ እስኪነጋ በማኅሌት የቆመ፥ ሰዓታት ያደረሰ ሰው ሁሉ ይህን ጠላት ሳይነግሩት ያውቀዋል።

ዘብሓኒም ከባልንጀሮቻቸው ጋር በሌሊቱ ትጋት ቡና መጠጣት ጀመሩ። የሙፍቲውን ሥራ ያዩ የዓደን ሰዎችም ተከተሏቸው። ሊቃውንቱ ለንባብ፥ ባለ እጆቹ ለሥራቸው፥ ሕዝቡም ለየተግባሩ ይጠጣው ጀመር። እንዲህ እያለ መጠጡ ከአንድ ከተማ ወጥቶ በየመን ሁሉ ተስፋፋ።

ዘብሓኒ በሂጅራ አቈጣጠር በ875 ዓመት፥ ይኸውም በ1470 ዓ.ም. ገደማ ዐረፉ። ከዚህ በኋላ ብዙ ሳይቆይ፥ በ1474 ዓ.ም.፥ የቬኒስ መንግሥት አዲስ ብልሃት ላወጣ ሰው ለ10 ዓመት ብቻውን እንዲጠቀምበት የሚፈቅድ ሕግ አወጀ። ይህም ስለ ፈጠራ መብት ከተጻፉት ሕጎች እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው። ስለዚህ የዓደኑ ሙፍቲ የሞቱት ቀዳሚነት በመዝገብ መጻፍ በጀመረበት ዘመን ዋዜማ ነው ማለት ይቻላል።

ክርክሩ እንዴት ተነሣ

በ16ኛው መቶ ዓመት መባቻ ቡና ወደ መካና ወደ ካይሮ ደረሰ። በካይሮ የአዝሀር መስጊድ የየመን ተማሪዎች ባሉበት ወገን ሱፊዎች በሳምንት ሁለት ሌሊት እየተሰበሰቡ ይጠጡት ነበር። ቡናው በትልቅ ቀይ የሸክላ ዕቃ ይቀመጣል፤ አለቃቸው በትንሽ መቅጃ እየጨለፉ ከቀኝ ጀምረው ለየአንዳንዱ ያድላሉ፤ እነርሱም እየተቀበሉ ጸሎታቸውን ይቀጥላሉ።

ሁሉ ግን ደስ አላለውም። በ1511 ዓ.ም. በመካ የገበያና የሥርዓት ተቈጣጣሪ የነበረው ኻዒር በይ ሊቃውንቱን ሰብስቦ ስለ ቡና ጠየቀ። ሁለት ሐኪሞች ቀርበው ለሰውነት ይጎዳል ብለው መሰከሩ። በዚህም ቡና በመካ ተከለከለ፥ የተገኘውም ተቃጠለ። ወሬው ወደ ካይሮ በደረሰ ጊዜ የሱልጣን ቃንሱህ አል-ጎሪ ትእዛዝ መጠጡን ራሱን ሳይሆን በመጠጡ ምክንያት የሚደረገውን ሥርዓት የለሽ ስብሰባ ብቻ የሚከለክል ሆኖ መጣ።

ማን ቀድሞ ጠጣው የሚለው ጥያቄ ክብደት ያገኘው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። መጠጡን የጀመረው ስሙ የማይታወቅ ዋልጌ ከሆነ መከልከሉ ቀላል ይሆናል፤ የሌሎችን ፈትዋ በፊርማው የሚያጸድቅ ሙፍቲ ከሆነ ግን የጠጪው ሊቅነት ለመጠጡ ጠበቃ ይቆምለታል። ስለዚህ የቀዳሚነቱ ነገር የወሬ ጨዋታ ሳይሆን የመፈቀድና የመከልከል ነገር ነበረ። በዚያው መቶ ዓመት ዐብዱልቃድር አል-ጀዚሪ የሚባሉ ጸሐፊ ቡና የተፈቀደ መሆኑን ለማስረዳት መጽሐፍ ሲጽፉ፥ ከእርሳቸው በፊት ኢብን ዐብዱልገፋር የሚባሉ ሊቅ መርምረው የጻፉትን ምስክርነት በመጽሐፋቸው አስገቡት። የዘብሓኒ ታሪክ ለዓለም የተረፈው በዚህ መንገድ ነው።

የምስክሮቹ ቃል

ኢብን ዐብዱልገፋር የሰሙትን ብቻ ጽፈው አልተዉትም። ወሬው በካይሮ ሲነገር የሰሙት ዘብሓኒ ጀመሩት ተብሎ ነበር፤ እርሳቸው ግን ወደ የመን፥ ወደ ዘቢድ ከተማ ጽፈው ነገሩን በአገሩ ካሉት አስመረመሩ። ከዚህና ከሌሎች ጸሐፊዎች የተሰበሰበው ቃል በአንድምታ ሥርዓት ቢቀመጥ እንዲህ ነው።

አንድም፥ ከላይ እንደ ተነገረው ዘብሓኒ ከማዶ አይተው አመጡት፥ በሕመማቸው ሞከሩት፥ በሱፊዎች መካከልም አስለመዱት።

አንድም፥ በዘቢድ የነበሩ ዕድሜያቸው ከ90 ዓመት ያለፈ አንድ ሽማግሌ በዓይናቸው ያዩትን መሰከሩ። እርሳቸው በዓደን ሳሉ አንድ ድኃ ሱፊ ወደ ከተማው መጣ፤ ቡና እያፈላ ይጠጣ ነበር። ያው ድኃ በዓደን ወደብ ከሕግ ሊቃውንት ሁሉ ከፍ ላሉት ለሙሐመድ ባ-ፈድልና ለዘብሓኒ አፈላላቸው። ሁለቱ ሊቃውንት ከሌሎች ሰዎች ጋር ሆነው ጠጡት፤ ሕዝቡም የእነርሱን አርአያነት አይቶ ተከተለ።

አንድም፥ በሌላ ምስክር ቃል መጠጡን መጀመሪያ ያወጡት የሞካ ከተማ ቅዱስ ተብለው የሚከበሩት ዐሊ ኢብን ዑመር ሻዚሊ ናቸው። እኒህ ሰው የሞቱት በ1418 ዓ.ም. ነው፤ በኢትዮጵያ ምድር በነበረው በእስላሙ ንጉሥ በሰዕደዲን ዘንድ ኖረው ነበር ተብሎም ይነገራል። ነገር ግን በዚህ ምስክር ቃል የሻዚሊ መጠጥ ከቡና ፍሬ ሳይሆን ከጫት ቅጠል የሚፈላ ነበረ። በዘብሓኒ ዘመን ጫት ከዓደን ጠፋ። ያን ጊዜ ሙፍቲው ተከታዮቻቸውን የቡና ፍሬም ያነቃልና ከእርሱ አፍልታችሁ ሞክሩ አሏቸው። ሞከሩት፤ ወጪውና ድካሙ ጥቂት ሆኖ ሥራው አንድ መሆኑን አገኙ።

አንድም፥ ከዚያ በኋላ የተነሡ ጸሐፊዎች ክብሩን ለአቡበክር አል-ዐይደሩስ ይሰጣሉ። እኒህ በዓደን መስጊዳቸው እስከ ዛሬ የሚጎበኝ፥ የከተማይቱ ጠባቂ ቅዱስ ተብለው የሚከበሩ ሰው ናቸው። በመንከራተት ሳሉ ከቡና ዛፍ አጠገብ ሲያልፉ ፍሬውን በልተው ንቃት እንዳገኙበት ይተረካል።

የምስክሮቹ ቃል ሲመዘን

አራቱም ቃል እኩል አይመዝንም። የአቡበክር አል-ዐይደሩስ ነገር በዘመን ሂሳብ ይወድቃል፤ እርሳቸው ያረፉት በ1508 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ዘብሓኒ በሞቱ ጊዜ ገና ወጣት ነበሩ። ሕዝብ የሚወደውን ነገር ለሚወደው ቅዱስ መስጠት በየአገሩ ያለ ልማድ ነው። የሻዚሊ ነገር በዘመን ይቀድማል፤ ነገር ግን ቀዳሚነቱን የሰጣቸው ምስክር ራሱ መጠጡ ከሌላ ቅጠል እንደ ነበረ ይናገራል፤ ስለዚህ የመጠጡ ስምና የትጋቱ ልማድ ከእርሳቸው ቢሆን እንኳ የቡናው ፍሬ ከእርሳቸው አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው የሽማግሌው ቃል ነው፤ የሰማውን የሚናገር ሳይሆን ያየውን የሚናገር ነውና። ይህ ቃል ዘብሓኒን ከጠጪዎቹ መካከል ያኖራቸዋል፤ በእጁ ያፈላው ግን ስሙ ያልተጻፈው ድኃ ነው። እንዲህም ሆኖ የሽማግሌው ቃል የመጀመሪያውን ታሪክ ፈጽሞ አያፈርሰውም፤ ከማዶ አይቶ የመጣ ሰው በኋላ ሌላ ሲያፈላ ቢያይ አብሮ መጠጣቱ አይቀርም።

ኢብን ዐብዱልገፋር በመጨረሻ የሰጡት ፍርድ ለመርማሪ ሁሉ ትምህርት ነው። ሕዝቡ እንደሚለው ቡናን ወደ ዓደን ቀድመው ያገቡት ዘብሓኒ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ወይም ያገባው ሌላ ሰው ሆኖ የመታወቁና የመስፋፋቱ ምክንያት እርሳቸው ስለ ሆኑ ነገሩ በስማቸው ተጠርቶ ሊሆን ይችላል ብለው ሁለቱንም አስቀመጡ። የወደዱትን መርጠው ሌላውን መሠወር ሲችሉ አላደረጉትም።

በፈጠራ መብት ሕግ ቢታይ

ይህ ክርክር በዛሬው የፈጠራ መብት ሕግ ፊት ቢቀርብ ምን ይባል ነበር? በብዙ አገር ሕግ መብቱ የሚሰጠው ማመልከቻውን አስቀድሞ ላስገባ ሰው ነው። በአሜሪካ ግን እስከ 2013 ዓ.ም. መጋቢት ወር ድረስ ቀድሞ የፈጠረው ማን ነው ተብሎ ይመረመር ነበር። አሳቡ መቼ ተፀነሰ፥ መቼስ በሥራ ተገለጠ፥ በመካከሉ ባለቤቱ ሳይታክት ተግቷልን ተብሎ ይጠየቃል። ባለጕዳዩ ስለ ራሱ የሚናገረው ብቻውን አይበቃም፤ ቃሉን የሚደግፍ ሌላ ምስክር ወይም ጽሑፍ ያሻዋል። በ1876 ዓ.ም. የካቲት 14 ቀን አሌክሳንደር ግራሃም ቤልና ኤሊሻ ግሬይ ስለ ስልክ በአንድ ቀን ጽሑፋቸውን አስገብተው ከፍ ያለ ክርክር ተነሣ፤ የቤል መብት በጠቅላይ ፍርድ ቤት የጸናው በ1888 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ መዝገብ፥ ቀንና ፊርማ በነበረበት ዘመን ክርክሩ ይህን ያህል ከረዘመ የዓደኑ ነገር አለመቋጨቱ አያስገርምም።

በኢትዮጵያ ስለ ፈጠራ የወጣው አዋጅ ቍጥር 123 በ1987 ዓ.ም. እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር ታወጀ። በዚህ አዋጅ አንድ ነገር አዲስ የሚባለው በየትኛውም የዓለም ክፍል በጽሑፍ፥ በቃል ወይም በሥራ አስቀድሞ ለሕዝብ ያልተገለጠ እንደ ሆነ ነው። በዚህ መለኪያ ዘብሓኒ ፈጣሪ አይባሉም፤ ከማዶ ሰዎች ሲጠቀሙበት አይተዋልና። የጫቱ ምስክር ቃል እውነት ከሆነ ግን የመጠጡን መሥሪያ ከጫት ቅጠል ወደ ቡና ፍሬ ያዛወሩት እርሳቸው ናቸው፤ ይህም ያለውን ነገር ማሻሻል ነው።

የቬኒስ ሕግ ግን ሌላ ነገር ያስተምራል። ያ ሕግ የሚጠይቀው ብልሃቱ በቬኒስ ግዛት ከዚያ በፊት ያልተሠራ መሆኑን ነበር፤ ስለዚህ ከሌላ አገር ያመጣውም ሰው ሊከብርበት ይችል ነበር። የኢትዮጵያም አዋጅ በውጭ አገር መብት የተሰጠውን ፈጠራ ወደ አገር ለሚያስገባ ሰው የተለየ ፓተንት አለው። ከዚህ የሚታየው መፍጠርና ማስገባት ሁለት ልዩ ልዩ ክብር መሆናቸው ነው። የዘብሓኒ ክብር ሁለተኛው ነው፤ ሁለተኛውም ቢሆን ትንሽ አይደለም። በማዶው ዳርቻ የብዙ ሰው ዓይን ቡናውን አይቶት ነበር፤ መርምሮ ለሌሊት ትጋት ያዋለውና በሹመቱ ክብር የጠበቀው ግን በዓደን አንድ ሰው ሆነ።

በአንድ ቃል የጠፋ ድርሻ

የኢትዮጵያ ድርሻ በክርክሩ ውስጥ የተዘነጋው በአንድ ቃል ምክንያት ነው። ዐጀም የሚለው ቃል በዐረብኛ አረብ ያልሆነ ማለት ሲሆን፥ ብዙ ጊዜ ለፋርስ ሰዎች ይነገራል። ታሪኩን ወደ አውሮፓ ቋንቋ ካዛወሩት አንዳንዶቹ በረል ዐጀም የሚለውን ፋርስ ብለው ተረጐሙት። በዚህ ምክንያት የዓደኑ ሙፍቲ ቡናን ያዩት በፋርስ ነው ተብሎ በብዙ መጽሐፍ ተጻፈ። ሌሎች ሊቃውንት መርምረው የአፍሪካ ዳርቻ መሆኑን እስኪያስረዱ ድረስ የኢትዮጵያ ስም ከመዝገቡ ተፍቆ ነበር። የአንድ ቃል ትርጓሜ የአንድን አገር መብት እንደሚያነሣና እንደሚጥል ከዚህ ይታያል።

የስሙ ስሕተት በዚህ አላበቃም። በ1753 ዓ.ም. የዕፅዋት ሊቅ ሊኔዎስ ለቡና ሳይንሳዊ ስም ሲሰጠው የአረብ ቡና የሚል ስም አወጣለት። ዛፉ ግን በዱር ሆኖ የሚበቅልበት ጥንታዊ ርስቱ በኢትዮጵያ በደቡብ ምዕራብ ያለው የከፋና የአካባቢው ደን ነው፤ የዘር ምርመራም ይህንኑ አጽንቶታል። የሐረር ቡናም በዓደን በኩል ሲያልፍ ብዙ ጊዜ በሞካ ስም ይሸጥ ነበር። በ2005 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ሐረር፥ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚባሉት የቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት መዝገብ እንዲጻፉለት ማመልከቱ የዚሁ የቆየ ነገር ተከታይ ነው።

ስለ ፍየል ጠባቂውና ስለ መነኰሳቱ

አንባቢ እዚህ ላይ የፍየል ጠባቂውን የካልዲን ታሪክ ማንሣቱ አይቀርም። ፍየሎቹ ፍሬውን በልተው ሲዘልሉ አይቶ ለገዳም አበው ነገራቸው፥ እነርሱም አፍልተው ጠጥተው በሌሊት ጸሎታቸው ነቁ ይባላል። ይህ ታሪክ ለገዳም ሰው ጆሮ ደስ የሚያሰኝ ነው። ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ይቀልላል። ታሪኩን ጽፎ ያወጣው የማሮን ወገን የሆነው ፋውስቶስ ናይሮን በ1671 ዓ.ም. በሮም ከተማ ነው፤ ይህም ዘብሓኒ ከሞቱ ከ200 ዓመት በኋላ ነው። ካልዲ የሚለው ስም እንኳ በእርሱ ጽሑፍ አይገኝም፥ በኋላ የተጨመረ ነው። ባለ ዘጠና ዓመቱ ሽማግሌ በዓደን ያዩትን የተናገሩት ግን መጠጡ ከተጀመረበት ዘመን ብዙ ሳይርቅ ነው። እንግዲህ ፍርድ በምስክር የሚጸና ከሆነ፥ ደስ የሚያሰኘው ታሪክ ሳይሆን የቀረበው ምስክር ይሰማል።

ይህ ነገር ለክርስቲያን ተማሪ ቀላል ፈተና አይደለም። በኢትዮጵያ ቡና የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ በካህናቱ ዘንድ ለብዙ ዘመን ሲነቀፍ ኖሯል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው በመጠጣታቸው፥ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን አሳብ በማለዘባቸው ልማዱ በክርስቲያኑ ሕዝብ መካከል ተስፋፋ። ቀድሞ የሌላው ነው ተብሎ የተጠላው በኋላ ሲወደድ፥ ጅማሬውን ወደ ራስ ወገን የመሳብ ፈቃድ ይመጣል። ለገዳም አበው ያልሆነውን ክብር መስጠት ግን አበውን አያከብራቸውም፤ በሐሰት የሚገኝ ክብር የእነርሱ ወግ አይደለምና። የዓደኑ ሙፍቲ የሌላ ሃይማኖት ሰው ቢሆኑም የሠሩትን ሠርተዋል፥ ሊመሰከርላቸውም ይገባል። ሙፍቲው ያዩትን ያሳዩአቸው የማዶ ሰዎችም እንዲሁ ሊመሰከርላቸው ይገባል።

በቅኔ ቤት፥ በዜማ ቤትም ሆነ በመጻሕፍት ቤት ተማሪ ከማን ተማርህ ተብሎ ይጠየቃል። የመምህሩን ስም፥ የመምህሩንም መምህር ቈጥሮ ያልመለሰ እንደ ተማረ አይታመንለትም። ቡና ደግሞ የመምህራን ሐረጉ ሲቈጠር ከካይሮ ወደ መካ፥ ከመካ ወደ ዘቢድና ወደ ዓደን፥ ከዓደን ወደ ዘብሓኒ፥ ከዘብሓኒም አንዱ መንገድ ወደ ማዶው ዳርቻ፥ ሌላው መንገድ ወደዚያ ድኃ ሱፊ ያደርሳል። በማዶው ዳርቻ ቡናን ይጠቀሙ የነበሩት ሰዎች ስም አልተጻፈም፤ የድኃውም ስም አልተጻፈም። የተጻፈው የሙፍቲው ስም ነው፤ መጻፉም በእውነተኛ ምክንያት ነው። ነገር ግን ስሙን በቃሉ ይዞ የሚያጠና ተማሪ፥ ከስሙ በፊት የቆሙትን ስም የለሾች አብሮ ቢቈጥር ትምህርቱ የተሟላ ይሆናል።